አንድ ሰዓት በጋራ ዲማ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ በገባ በአራተኛው ቀን፣ እናቴ ወይዘሮ ለተማርያም በወዳጄ በዐብዱኑር የቡና መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ ወጥታ ቆመች። መጋዘኑ ከጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ከኤረር በር ብዙም ሳይርቅ ነበር። ሚዛኑ ጆንያ የሚቆምበት ሰፊ የብረት ሚዛን ስለ ነበር ለሰውም ይመቻል። እናቴ ጫማዋን አውልቃ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዳኛ ፊት እንደ ቀረበች ሴት ቀጥ ብላ፣

«ሰው እንደ ቡና ይመዘናል እንዴ?» አለች።

«ወላሂ እማማ፣ ይህ ሚዛን ከተገዛ ጀምሮ እንደ እርስዎ ያለ የከበረ ነገር ወጥቶበት አያውቅም» አለ ዐብዱኑር፣ በሚዛኑ ክንድ ላይ ያለውን ብረት በጣቱ እየገፋ።

«ስንት ሆንኩ?»

«ሃምሳ አንድ ኪሎ።»

«ቀንሰኸኛል። ከገዢው ወገን ሆነህ መመዘን ለምዶብሃል።»

«የጆንያውን እንኳ አልቀነስኩም እኮ!»

«ቀሚሴን ነው ጆንያ የምትለው?»

ሳቃችን በመጋዘኑ ጣሪያ ሥር ሲያስተጋባ፣ እኔ ሃምሳ አንድ የሚለውን ቁጥር ከራሴ ክብደት ጎን በወረቀት ላይ ጻፍኩ። ወረቀቱ በማግሥቱ ለካፒቴን እንደሻው የሚሰጥ ነበር። ካፒቴን እንደሻው መድኃኒት ወደ ሩቅ ደጋ የምታመላልስ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን አብራሪ ነው። ወደ ጋራ ዲማ ክሊኒክ በሚያደርገው በረራ ሁለት ሰው ለመጨመር የፈቀደልን ከብዙ ልመና በኋላ ሲሆን፣ ፈቃዱም ቁርጥ ያለ ቅድመ ሁኔታ ነበረው። «ሜዳው ከፍታ ላይ ነው፤ አጭር ነው፤ ጫፉ ገደል ነው። ሁለት ሰው እወስዳለሁ። ከሁለቱ ሰዎች በቀር አንዲት እንቁላል አልጭንም።»

እናቴን በዚያ ዕድሜዋ ለአውሮፕላን ያበቃት ምክንያት አንድ ብቻ ነበር። በሚያዝያ ወር ዓይኗን የመረመራት ሐኪም ለብቻዬ ጠርቶኝ፣ ሕመሙ የማይመለስ መሆኑን፣ ብርሃኗም ከመስከረም የሚያልፍ እንደማይመስለው ነግሮኝ ነበር። በዚያን ጊዜም ቢሆን የምታየው ከፊት ለፊቷ ያለውን ጥቂት ስፍራ ብቻ፣ በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነበር። ግራና ቀኟ ጨልሟል። ነገሩን ልሸሽጋት ብሞክርም፣ ፊቴን ፊት ለፊት አምጥታ ጥቂት ካየችው በኋላ፣ «በል ተወው፤ ገባኝ» አለችኝ። ቀጥላም ስለ ራሷ አንዲት ቃል ሳታነሳ፣ «ገላነሽን ሳላያት አይጥፋ» አለች።

ገላነሽ ታላቅ እኅቴ ናት። በ፲፱፻፵ ዓመተ ምሕረት የክሊኒክ ድሬሰር የሆነውን ኪዳነወልድን አግብታ ወደ ጋራ ዲማ ከሄደች ጀምሮ ዐሥራ አንድ ዓመት አልተያዩም። ቦታው ከሐረር በበቅሎ አራት ቀን ያስኬዳል። የእናቴ ወገብ የአራት ቀን ኮርቻ የሚችል አልነበረም። ገላነሽ ደግሞ ሦስት ልጆች ነበሯት፣ ከሦስቱም አንዷ ገና በጀርባዋ ያለች ሕፃን ናት፤ በዚያ ላይ በመካከል ያለው ወንዝ በበልጉ ዝናብ ሞልቶ መሻገሪያ አጥቷል። ሰኔ አራት ቀን ሆኗል። ከዚህ በረራ ቀጥሎ ያለው የሚደረገው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ክረምቱ ሲያልፍ የእናቴ ዓይን አብሮት ያልፋል።

ከመጋዘኑ ወጥተን፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፈውን ቀጭን መንገድ ተከትለን ወደ ዐብዱኑር እናት ወደ ወይዘሮ መብሩካ ቤት ገባን። የእናቴና የመብሩካ ወዳጅነት በጠላት ዘመን የተጀመረ ነው። ቤታችን ከግንቡ ውጭ፣ ከዘማቾች ልጆች ሰፈር ስለ ነበር፣ አባቴ በተያዘ ጊዜ መብሩካ እናቴንና እኛን ልጆቿን ወደ ራሷ ቤት አስገብታ ሰባት ወር ሸሸገችን። ገላነሽ ስፌት የተማረችው እዚያ ቤት ነው። በቀኝ ቅንድቧ ላይ ያለው ጠባሳም እዚያው፣ ሐረሪዎች ነደባ ከሚሉት ከፍ ያለ ቀይ መደብ ላይ ወድቃ ያገኘችው ነው።

መብሩካ ባዶ እጃችንን እንደምንሄድ ስትሰማ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«አንቺ ለተ! በዐሥራ አንድ ዓመትሽ ልጅሽ ዘንድ ባዶ እጅሽን ልትገቢ?»

«አብራሪው ከልክሏል አሉ።»

«አብራሪው እናት የለውም? ያ ረቢ!»

«እናቱንም መዝኖ ይሆናል የሚያሳፍራት» አለች እናቴ።

ሁለቱ አሮጊቶች ከዚያ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። እኔና ዐብዱኑር ደግሞ በበረራው ጉዳይ መነጋገር ቀጠልን። ያን ዝቅ ያለ ድምፅ መጠርጠር ይገባኝ ነበር።

አውሮፕላኗ የምትነሣው ከኤረር በር ወጥቶ፣ ቁልቁል የግማሽ ሰዓት መንገድ ካስኬደ በኋላ ከሚገኝ ሜዳ ላይ ነበር። በማለዳ ስንደርስ ካፒቴን እንደሻው የመድኃኒቱን ሣጥኖች ከኋላ አስሮ ጨርሷል። ወረቀቴን ተቀብሎ አነበበ፤ እናቴን ከእግር እስከ ራሷ አየና፣

«ሃምሳ አንድ ብቻ ነዎት እማማ? ዛሬ ሞላ ብለዋል» አለ።

«ማለዳ ነው ልጄ። ብርድ ስለሆነ ደራርቤ ለብሻለሁ።»

እናቴን በፊተኛው መቀመጫ፣ ከራሱ አጠገብ አስቀመጣት። እኔ ከኋላ ከሣጥኖቹ መካከል ጉልበቴን አጥፌ ተቀመጥኩ። መሬቱ ሲለቀን እናቴ አንድ ጊዜ አማተበች፤ ሁለተኛ አላማተበችም። ከዚያ ራሷን ሳታዞር፣

«ለገሠ፣ ጀጎልን አሳየኝ» አለች።

በዚያች ቅጽበት አንድ አዲስ ሥራ ተሰጠኝ። ግንቡ በአንድ ጊዜ ሙሉውን ሊታያት እንደማይችል ዐውቅ ነበር። ስለዚህ ቃል እየመረጥኩ ነገርኳት። ግንቡ ክብ ሆኖ እንደማይዘጋ፣ ወደ አንዱ ወገን ጎበጥ እንደሚል፤ የጣሪያዎቹ ጠፍጣፋነት ከተማውን ከላይ ሲያዩት እርከን እንደሚያስመስለው፤ የመስጊዶቹ ሚናሬቶች ከከፍታው የተነሣ ቁመታቸው ጠፍቶ ነጭ ነጠብጣብ ብቻ እንደሆኑ፤ በሶፊ መንደር በኩል ያለው የጫት ማሳ ጥቁር አረንጓዴ እንደሆነ። እርሷም በቀዳዳዋ እየፈለገች፣ «አዎ፣ ነጩን አገኘሁት» ትላለች። የመብሩካን ቤት እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ከዚያ ከፍታ አንዱን ጣሪያ ከሌላው መለየት አይቻልም ነበር፤ ቢሆንም በጣቴ አንዱን ጠቆምኩ። ስለዚያ ውሸት እስከ ዛሬ አልተጸጸትኩም።

ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ የጋራ ዲማ ደጋ ከፊታችን ወጣ። ከሦስት ወገን ገደል የከበበው፣ አናቱ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ ተራራ ነው። ሜዳው ከአናቱ ላይ ቀጭን የሣር መንገድ ሆኖ ይታያል። በፖሊስ ጣቢያው ሬዲዮ አስቀድሞ እንደ ተላለፈው፣ አራቱን ማዕዘን በነጭ ጨርቅ ምልክት አድርገውበታል። ነገር ግን ካፒቴኑ ዝቅ ባለ ጊዜ ድንገት ጥርሱን ነክሶ መሪውን ወደ ራሱ ሳበ፤ አውሮፕላኗም እየጮኸች ወደ ላይ ተመለሰች።

«ምን ማለታቸው ነው? ሜዳው መካከል ቆመዋል!»

ወደ ታች አየሁ። ሁለት መቶ የሚሆን ሕዝብ፣ ወንዱ በአንድ ወገን ሴቱ በሌላ ወገን፣ ነጭ ለብሶ፣ በሜዳው እኩሌታ ላይ ተሰልፎ ቆሟል። ሽማግሌዎቹ ከፊት ናቸው።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ከሁለት ወር በፊት አውሮፕላኗ ለመጀመሪያ ጊዜ መድኃኒት አምጥታ ባረፈች ጊዜ ሮጣ ሮጣ የቆመችው በዚያ ስፍራ ነበር። ስለዚህ ወራጅ የሚወርደው እዚያ እንደሆነ ዐውቀዋል። ያን ጊዜ የመጣው ሣጥን ስለ ነበር ሰዎቹ ከዳር ሆነው አዩ። ዛሬ የምትመጣው ግን የኪዳነወልድ አማት፣ የተከበረች ባልቴት ናት። እንግዳን ከበቅሎው በሚወርድበት ስፍራ ተገኝቶ፣ እርካቡን ይዞ ማውረድ የአገሩ ሥርዓት ነው። ወርዶ በእግሩ ወደ ተቀባዮቹ እንዲሄድ ማድረግ ነውር ነው። ተቀባዮቻችን የተሳሳቱት ከአክብሮት ብዛት ነበር።

ካፒቴኑ ሊያስፈራቸው በዝቅታ በላያቸው አለፈ። ሰላምታ መሰላቸው። እልልታው በሞተሩ ጩኸት ውስጥ ባይሰማም የሴቶቹ እጅ ወደ አፋቸው ሲሄድ አየሁ። ከወንዶቹም አንዱ ጠብመንጃውን ወደ ሰማይ አነሣ።

«ሊተኩሱብን ነው?» አለ ካፒቴኑ።

«ሊያከብሩን ነው» አልኩት።

«ተዋቸው እንግዲህ፣ አክብረው ይግደሉን!» አለና በመስኮቱ ወደ ምሥራቅ ጠቆመኝ። ጉሙ ከገደሉ ሥር ወደ ላይ መውጣት ጀምሯል። «ሁለት ዙር ብቻ እዞራለሁ። ከዚያ በኋላ ሜዳው ይዘጋል፤ ወደ ሐረር እመለሳለሁ። በሬዲዮ የታዘዙትን የምልክት ጢስም አላነደዱም፤ ነፋሱ ከየት እንደሆነ እንኳ አላውቅም።»

እኔ ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ «ከሜዳው ውጡ» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። ከዚያ የያዝኩትን ወረቀት አየሁት። አንዲት ቅጠል ወረቀት ከዚያ ከፍታ ብትጣል የት እንደምትወድቅ ማን ያውቃል?  

«ምን ሆነው ነው?» አለች እናቴ።

«ሜዳው ላይ ቆመውልሻል። ሊያወርዱሽ ነው።»

«የት ይቁሙ ታዲያ?» አለች። ወዲያውም ነገሩን የተረዳች መሰለኝ። ቀጥላ እጇን በነጠላዋ ሥር አስገብታ መቀነቷን መፍታት ጀመረች። ጥቂት ከታገለች በኋላ፣ በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለ፣ እንደ ክንድ የረዘመ ነገር ከወገቧ ላይ ፈትታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

ካፒቴን እንደሻው ያየውን ማመን አልቻለም። «እማማ! ይህን ሁሉ ታጥቀው ነው የወጡት?»

«አራት ኪሎ አይሞላም። በርበሬና ሐላዋ ነው፤ ትንሽም የመብሩካ አለላ አለበት። መስኮቱን ክፈትልኝ።»

«ምን ሊያደርጉ?»

«ልጥለው። ከመንገደኛ በቅሎ ላይ ጭነት ሲወድቅ መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ምን ያደርጋል?»

መልሱን ዐውቀዋለሁ። ይሮጣል። የማንም ይሁን የማን፣ ሽማግሌም ቢሆን ሥራውን ትቶ ሮጦ ያነሣል፤ ጭኖም ይሰጣል። የወደቀ ጭነት ቆሞ ማየት፣ እንግዳን ወርዶ በእግሩ እንዲሄድ ከማድረግ የባሰ ነውር ነው።

ካፒቴኑም ይህን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ነበርና ሁለተኛ አልጠየቀም። በሕዝቡ በስተ ግራ፣ ከሜዳው ውጭ ባለው ሣር ላይ አነጣጥሮ፣ «አሁን!» ብሎ መስኮቱን ከፈተ። እናቴ ጥቅሉን በሁለት እጇ ወደ ነፋሱ ገፋችው። ቀይ ጨርቁ በአየር ላይ ተፈታ። ጥቅሉ መሬት በነካ ጊዜ በርበሬው ፈንድቶ ቀይ ጉም ሆኖ ተነሣ፤ በቀለም የተነከረው አለላም በሣሩ ላይ ተበተነ።

ሰልፉ በአንድ ጊዜ ፈረሰ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ሴቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው፣ ሁሉም ወደዚያ ሮጠ። ሜዳው ባዶ ሆነ። ቀዩ ጉም ደግሞ እንደ ሰንደቅ ዓላማ ወደ አንድ ወገን ተጎተተ፤ ካፒቴኑ ያን እያየ፣ «ነፋሱን አገኘሁት!» ብሎ ጮኸ። በወዲያኛው ጫፍ ዞሮ ገባ፤ ሣሩም ጎማዎቹን ተቀበላቸው።

እናቴን ካወረድኳት በኋላ፣ ሕዝቡ እየሳለና እያነጠሰ ሲመለስ አየን። ከሁሉም ፊት ገላነሽ ትሮጣለች፤ ሕፃኗ በጀርባዋ ናት፤ በእጇ ቀዩን ጨርቅ ይዛለች። ያገኘችው እርሷ ነበረች። ፊቷ በበርበሬ ተለውሶ፣ እንባና ንፍጧ እየወረደ እናቴ አንገት ላይ ተጠመጠመች። እናቴም አቀፈቻት፣ ሳመቻት፣ አለቀሰች። ከዚያ በሁለት እጇ ትከሻዋን ይዛ ራቅ አደረገቻትና፣

«ፊትሽን ታጠቢ። ዐሥራ አንድ ዓመት ቆይቼ በርበሬ ለማየት አልመጣሁም» አለች።

ካፒቴኑ ሰዓቱን አይቶ አንድ ሰዓት ፈቀደልን። ከዚያ በላይ ጉሙ አይጠብቅም አለ። ነገር ግን የእናቷን የዓይን ነገር ለማታውቀው ለገላነሽ ያች አንድ ሰዓት የመስተንግዶ ሰዓት ነበረች። ቤቷ ከሜዳው ዳር ነበር፤ እናቷን በበሩ ፊት ለፊት፣ ብርሃን በሚገባበት ስፍራ አስቀመጠቻትና ለመስተንግዶው ትሯሯጥ ጀመር። ጠላ ታመጣለች፤ ልጆቿን ታስስማለች፤ ወጥ ልታይ ትወጣለች። እናቴ ፊቷን ወደ ድምፁ ስታዞር ገላነሽ ሌላ ስፍራ ደርሳለች። በዚያች በጠባብ ቀዳዳ የሚይዛት አልነበረም። እናቴ፣ «ነይ ተቀመጪ» ትላለች፤ ገላነሽ፣ «መጣሁ እማዬ፣ መጣሁ» ትላለች። ሃያ ደቂቃ እንዲህ አለፈ።

እናቴ ስለ ዓይኗ እንዳልናገር ከሐረር ስንነሣ አስምላኝ ነበር። «እንዳታለቅስብኝ፤ ያለቀሰ ፊት ይዤ አልመለስም» ብላኝ ነበር። መሐላ ማፍረስ ቀላል ነገር አይደለም። ቢሆንም ተነሥቼ ወደ ጓዳ ገባሁ። ገላነሽ ወጡን በጭልፋ እያወጣች ነበር።

«ገሌ፣ እናታችን ልትበላ አልመጣችም። ልታይሽ ነው የመጣችው። መስከረም ሲጠባ ዓይኗ አይኖርም።»

   ጭልፋውን አስቀመጠች፤ እጇን ታጠበች፤ ፀጉሯን በመዳፏ አስተካከለች። ወጥታም በእናቴ ፊት ለፊት በዱካ ላይ ተቀመጠች፣ ፊቷን ወደ በሩ ብርሃን አድርጋ።

«ይኸው መጣሁ እማዬ። እዪኝ።»

እናቴ አየቻት። በግንባሯ ጀመረች። ቅንድቧ ላይ ስትደርስ፣ «ጠባሳሽ አለ» አለች። ከዚያ አፍንጫዋን፣ ከዚያ የከንፈሯን ጫፍ፣ ከዚያ ጆሮዋ ሥር ያለችውን ነቁጥ፣ እንደ ማለዳ ጸሎተኛ ገጽ ሳትዘል አነበበቻት። ገላነሽ አንዲት እንባ አላፈሰሰችም። ትስቃለች፣ ታወራለች፣ ራሷን ግን አታንቀሳቅስም። ሰውነቷ ሁሉ ሲንቀጠቀጥ ፊቷን ብቻ እንዴት እንዳቆመችው እስከ ዛሬ አላውቅም። ሽማግሌዎቹ ደጅ ቆመው ነበር፤ ማንም ወደ ውስጥ አልገባም። የቀረበው ምግብ ሳይነካ ቀዘቀዘ።

ካፒቴን እንደሻው በበሩ ራሱን አስገብቶ ነበር። ያየውን ካየ በኋላ ኮፍያውን አውልቆ ወደ ኋላው ተመለሰ። ከሰዓቱ ላይ ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ጨመረልን። በኋላ እንደ ነገረኝ፣ ለእርሱ ያ ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ከአራት ኪሎው በርበሬ የሚበልጥ ጥፋት ነበር።

እናቴ ብርሃኗ ከጠፋ በኋላ ዐሥራ ሦስት ዓመት ኖረች። ሐኪሙ የተናገረው ሳይሳሳት በመስከረም ሆነ። እነዚያን ዓመታት ሁሉ፣ በአውሮፕላኗ ውስጥ የጀመርኩትን ሥራ ቀጠልኩ። ማታ ማታ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ የከተማውን ወሬ በዓይን እንደሚታይ አድርጌ እነግራት ነበር፤ የኤረር በርን ገበያ፣ የወይዘሮ መብሩካን አዲስ ስፌት፣ የዐብዱኑርን ሽበት። የዐብዱኑርን ሽበት ብዙ ጊዜ ነግሬያት አታምነኝም ነበር። በእርሷ ዘንድ እርሱም እኔም የሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረቱን ፊት ይዘን ቀርተናል።

በ፲፱፻፷፪ ዓመተ ምሕረት የመኪና መንገድ ጋራ ዲማ ገባ። የአራት ቀኑ ጉዞ የአንድ ቀን ሆነ፤ አውሮፕላን የሚፈልግም አልነበረም። ያ ሜዳ ዛሬ ድንች እንደሚዘራበት ሰምቻለሁ። ገላነሽ በዚያው ዓመት በጭነት መኪና ሐረር መጣች። ኑሮ ጎድቷት ነበር። ሁለት ልጆች ቀብራለች፤ ጉንጮቿ ጎድጉደዋል፤ ከጥርሶቿም የጎደሉ ነበሩ። ከእናቴ እግር ሥር ተቀምጣ የእናቴን እጅ ወስዳ በራሷ ፊት ላይ አደረገችው።

የእናቴ ጣቶች ግንባሯን ነኩ፤ ወደ ቅንድቧ ወረዱ፤ ጠባሳዋን አገኙ። እዚያ ቆሙ። ወደ ጉንጯ አልወረዱም። እናቴ እጇን በቀስታ መልሳ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ይበቃኛል» አለች። «የያዝኩትን አታበላሺብኝ። አሁን ቀርበሽ አውሪኝ፤ ያ በርበሬ ከሣሩ ላይ ተለቅሞ ነበር ወይስ ባክኖ ቀረ?»

«ተለቅሟል እማዬ» አለች ገላነሽ። «ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ተንበርክከው ለቀሙት። ዓመቱን ሙሉ ከሣር ጋር በላነው።»

እናቴ ሳቀች። ፊቷን ወደዚያ ድምፅ አዞረች፤ ዐይኖቿም ገላነሽን ሳይሆን፣ ከገላነሽ ጥቂት ከፍ ብሎ ያለ አንድ ስፍራ ይመለከቱ ነበር።